የሠራተኛ ቁጥር በአሠሪ መዝገብ፦ ከባሌ ደጋ የሚነበብ ታሪክ

በባሌ ደጋ መሬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ከገሰራ እስከ አጋርፋ፣ ከሲናና እስከ ጎባ ያለው ገበሬ አንዱን እህል በገንና ዝናብ፣ ሌላውን በቦና ይዘራል፤ ስለዚህም የሰው ጉልበት የሚፈለግበት ጊዜ ሁለት ነው። ስንዴውና ገብሱ ሲደርስ ኮምባይነሮች ከአርሲ በኩል ይመጣሉ፤ ኦፕሬተሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኙና አውራጁ አብሮ ይመጣል። ከመኸሩ ውጭም በሮቤና በጎባ ዱቄት ፋብሪካው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉና የግንባታ ቦታው ሰው ይቀጥራል። ከእነዚህ አሠሪዎች መካከል ሕጋዊ ሆኖ የሚሠራ ሁሉ ዛሬ ሠራተኛውን የሚጠይቀው ቁጥር አለ፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጡረታ ቁጥር፣ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር፣ አሁን ደግሞ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ቁጥር። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ሐሳብ ነው። ይህ ቁጥር አሠሪው ዘንድ የተቀመጠ የሠራተኛው አደራ ነው። የአገራችን ሕግ ግን ለስድሳ ዓመት ያህል አሠሪውን አጥብቆ የያዘው ቁጥሩንና ገንዘቡን ለመንግሥት በማድረስ ነበር፤ ለባለቤቱ ምን ዕዳ እንዳለበት በግልጽ የነገረው በጣም ዘግይቶ ነው። የመዘግየቱን ዋጋ የከፈለው ሠራተኛው ነው፤ የከፈለውም በጡረታ ዘመኑ፣ በተሳሳተ ዕድሜና በተምታታ ስም ነው።

ቁጥር ሳይመጣ በፊት ሠራተኛን የሚያሳውቀው ሰው ነበር። ተያዥ የሌለው ሰው በቤትም በመደብርም አይቀጠርም፤ ተያዡ የሚናገረው በሠራተኛውና በአሠሪው ፊት ቆሞ ነው። ሥርዓቱ ደሃውን የሚጎዳ ነበር፤ ከአገሩ ርቆ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ተያዥ ከየት ያመጣል? ቢሆንም አንድ በጎ ጠባይ ነበረው፦ ሠራተኛው ስለ ራሱ የተባለውን ይሰማል፣ ሐሰት ከሆነም እዚያው ይመልሳል። መዝገብ ሲመጣ ይህ ቀረ። በባሌ መዝገብ ወደ ተራው ሰው ኑሮ የገባው በቅጥር ሳይሆን በመሬት ግብር ነው። ቃላድ እየተጣለ መሬት ሲለካና ሲመደብ፣ ዳገት ወጥቶ የሚያርሰው ሰውና ስሙ በግብር ደረሰኝ ላይ የሰፈረው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ነበሩ። ከ1955 ገደማ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱን የመሰሉ መሪዎች ያስነሡት የባሌ አመፅ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የአስተዳደር በደሉም፣ የሃይማኖት ቅሬታውም፣ ከሶማሊያ የመጣው ድጋፍም ድርሻ ነበራቸው። የመሬት ልኬቱና የግብሩ ጫና ግን ከዋነኞቹ መካከል ናቸው። ይህን የማነሣው የሠራተኛ ቁጥር አመፅ ያስነሣል ለማለት አይደለም። በዚህ አገር ሰዎች ስለ መዝገብ የሚያስቡት ከባዶ ተነሥተው እንዳልሆነ ለማሳየት ነው፤ መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ሰው፣ በተጻፈው የሚጎዳው ሌላ ሰው ሲሆን ምን እንደሚመጣ ባሌ ቀድማ አይታዋለች።

ደመወዝተኛው በመንግሥት መዝገብ ላይ በስሙ መስፈር የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት፣ ጎባም ዋና ከተማዋ ስትሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ደመወዝን የሚመለከቱ ሕጎች ተከታትለው እየወጡ ነበር። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173/1953 ከሥራ የሚገኝ ገቢን ግብር አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ እንዲያስገባ የሚያደርገውን አሠራር አጸና። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በዚያው ዓሥርት ዓመት ወጣ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210/1956ም ተከተለ። ከዚህ በኋላ በጎባ መሥሪያ ቤቶች የተቀጠረ ጸሐፊ፣ አስታማሚ ወይም መምህር ስሙ በደመወዝ መክፈያ ላይ፣ ዕድሜው በቅጥር ፎርም ላይ፣ ጠቅላላ ታሪኩም በግል ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጣል። የዚህ አሠራር ልብ ያለው በአሠሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። መንግሥት እያንዳንዱን ሠራተኛ አያገኘውም፤ የሚያገኘው አሠሪውን ነው፤ አሠሪው የጻፈውንም እንደ እውነት ይቀበላል። ሥርዓቱ ርካሽና ቀልጣፋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ አደጋውም የተወለደው ከዚሁ ነው።

የ1967ቱ ለውጥ መዝገቡን ወደ ሁሉም በር አደረሰው። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ጭሰኝነትን አፍርሶ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲመሠረት አደረገ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ በከተማ የነዋሪዎች ማኅበርን፣ ማለትም ቀበሌን፣ ፈጠረ። የቀበሌ መታወቂያ የሚባለው ካርድ በየሰው ኪስ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። አዋጅ 31 ሌላም ነገር ይዞ መጣ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ለባሌ ደጋ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ገበሬ በይዞታው ላይ ሰው ቀጥሮ እንዳያሠራ ከለከለ፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ወይም አቅመ ደካማን ለመሰሉ ጥቂቶች ብቻ ተፈቀደ። ሰፋፊው የንግድ እርሻም ወደ መንግሥት ዞረ። እንግዲህ በእርሻ ላይ ደመወዝ የሚከፍል ሕጋዊ አሠሪ በደጋው ላይ ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ ቀረ፤ እርሱም መንግሥት ነው። በሮቤና በሲናና ዙሪያ የተዘረጉት የመንግሥት እርሻዎች ትራክተር ነጂውን፣ መካኒኩን፣ ዘበኛውን፣ የመጋዘን ሠራተኛውንና የአረም ጉልበተኛውን በአንድ መዝገብ ቤት ሥር አደረጉ። መታወቂያ የሚሰጠው ቀበሌ፣ ደመወዝ የሚከፍለው እርሻ፣ ግብሩን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት፣ ጡረታውን የሚያስበው መሥሪያ ቤት ሁሉም የአንድ አካል ክንዶች ሆኑ። ከ1969–70ው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ደግሞ ባሌ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተጀመረባቸው አካባቢዎች አንዷ ሆነች፤ ሰው ከነአድራሻው ተዛወረ፣ ቀድሞ በተሞላ ፎርም ላይ ያለው አድራሻ ግን እዚያው ቀረ።

የመንግሥት እርሻው መዝገብ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረው። ቋሚው ሠራተኛ ማኅደር ነበረው፤ ጡረታ ይታሰብለታል። ጊዜያዊው የሚታወቀው በካቦው ነበር፤ ካቦው የገባውንና የቀረውን ይቆጥራል፣ ሠራተኛው በክፍያ ቀን ይፈርማል ወይም አሻራውን ያሳርፋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚለካው አንድ ብዕር ነው። ቋሚ ሆኖ የተመዘገበ ሰውም ቢሆን ዕጣው የተያዘው በመጀመሪያው ቀን በተጻፈለት ነገር ነው፤ ምክንያቱም የጡረታ ሕጋችን የሚያምነው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበውን ዕድሜ ነው፤ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ በቀላሉ አይለውጠውም። ይህ ደንብ የራሱ አመክንዮ አለው፤ ጡረታ ሲቃረብ ዕድሜ እንዳይቀናነስ ይከላከላል። ነገር ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በገሰራ ገጠር የተወለደ ሰው የልደት ማስረጃ የለውም፤ ዕድሜውን የሚያሰላው ከጦርነት፣ ከሹም መለወጥ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ሠርግ ተነሥቶ ነው። ፎርሙን የሚሞላው ጸሐፊ ጠይቆ፣ ገምቶ ይጽፋል። ያ ግምት ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ሥራ የሚያቆምበትን ቀን ይወስናል። በመዝገብ አያያዝ ላይ የአሠሪ ኃላፊነት ከዚህ የበለጠ ክብደት የሚያገኝበት ቦታ አላውቅም፤ ሆኖም ጸሐፊው የጻፈውን ለሠራተኛው አንብቦ እንዲያሳይ የሚያስገድድ አሠራር አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌላ ችግር ተጨመረ፤ በባሌ ጎልቶ የሚታይ ነው። ኦሮሚያ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ የሥራና የትምህርት ጽሕፈት አደረገች። ይህ ለብዙ ሰዎች ስማቸው በራሳቸው ቋንቋ ድምፅ የተጻፈበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ መብት ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ችግሩ መዝገቦቹ እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው። አንድ የገሰራ ሰው በቀበሌ መታወቂያው ላይ ስሙ በቁቤ፣ አናባቢው ተደራርቦ ይጻፋል፤ በደርግ ዘመን በተከፈተው ማኅደሩ ላይ በግዕዝ ፊደል ሰፍሯል፤ በግብር ቁጥሩ ላይ ደግሞ ጸሐፊው እንደመሰለው በእንግሊዝኛ ሆሄያት ተጽፏል። ሦስቱን ያየ ኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው የሚያየው። የቤተሰብ ስም በሌለበት፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በሚደረደርበት አገር፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ተመሳሳይ ስሞች በሚበዙበት ወረዳ፣ ስም ብቻውን ሰውን አይለይም። ቁጥር ያስፈለገው በእርግጥ ለዚህ ነው። ቁጥርን በጅምላ የሚጠሉ ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ ለባሌ ሠራተኛ በትክክል የተያዘ አንድ ቁጥር ከሦስት ስም ያድነዋል። በዚያው ዘመን የቀበሌ መታወቂያ ብሔርንም ይጽፍ ስለነበር፣ አሠሪው ለአንድ ጉዳይ ብሎ ፎቶ ኮፒ ያነሣው ካርድ ለጉዳዩ የማያስፈልገውንና በክፉ ቀን ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠውን ጭምር በክላሰር ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ብዙ ኮፒዎች ዛሬም እዚያው አሉ።

ቁጥሩ ራሱ የመጣው በግብር በኩል ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን በሕጉ ውስጥ አስገባ፤ ሰው «ቲን ቁጥር» የሚለው ባለ 10 አሃዙ ቁጥር ይህ ነው። መጀመሪያ የነጋዴ ነገር ይመስል ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ወደ ደመወዝተኛው ወረደ። በዚያ አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ደመወዝ እስከ 150 ብር ነበር፤ በ2008ቱ ሕግ 600፣ በ2017ቱ ማሻሻያ 2,000 ብር ሆነ። በመካከል ባሉት ዓመታት የብር ዋጋ ሲወርድ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛው ሁሉ ወደ ግብር መረብ ገባ፤ ከግብሩ ጋር ቁጥሩም ግዴታ ሆነበት። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ አቋቋመ፤ ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ አዋጁንም በ2014 አዋጅ ቁጥር 1268 ተክቶታል። ለሮቤ ሆቴልና ለገሰራ ነጋዴ ይህ አዲስ ዓለም ነበር፤ ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ሱቁ ወይም ወፍጮ ቤቱ ሊሠራው ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በግልጽ አስቀመጠው፦ ያልተመዘገበ ሠራተኛን የማስመዝገቡ ጥያቄ የሚቀርበው በአሠሪው ነው፤ አሠሪው ባያደርገው ግን ሠራተኛው ከግዴታው ነጻ አይወጣም። በዚሁ አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ቁም ነገር አለ፤ ቁጥሩ ለተሰጠው ሰው የግሉ እንደሆነና ሌላ ሰው ሊጠቀምበት እንደማይችል ይናገራል።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ቢሆን ቁጥርን ቀድሞ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 በጽሑፍ የሚደረግ የሥራ ውል የሠራተኛውን ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና፣ ካለ፣ የሥራ ካርድ ቁጥር እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ አሠሪው ይህን ሁሉ በመዝገብ እንዲያስቀምጥ ያስገድድ ነበር፤ የደመወዝ መክፈያ መዝገቡንም ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲያሳየውና እንዲያስረዳው ይጠይቅ ነበር። የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህን መሠረት ጠብቆታል። እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያውስ ሕጉ ለሠራተኛው አስቦ የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። በከፊል አስቧል። መክፈያውን የማየት መብት ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ብሩ ነው፤ ቁጥሩን ማን ያያል፣ የት ይቀመጣል፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይ፣ ሠራተኛው ሲለቅ ምን ይሆናል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ አልነበረውም። መልሱን ደግሞ አገሪቱ ታውቀው ነበር፤ ለራሷ ሠራተኞች ጽፋዋለችና። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሠራተኛው የግል ማኅደሩን የማየትና ቅጂ የመውሰድ መብት እንዳለው፣ ከሚመለከተው በስተቀር ማንም ያለ ፈቃድ ማኅደሩን እንዳያይ፣ ሠራተኛው ሳያውቅም ሰነድ እንዳይገባበት ደንግጎ ነበር። በአንድ ከተማ፣ በአንድ መንገድ ዳርና ዳር የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ በማኅደሩ ላይ ሕግ የጠበቀው መብት ነበረው፤ የዱቄት ፋብሪካው ጸሐፊ ግን ቁጥሩና ማስረጃው በአለቃው መሳቢያ ውስጥ በአለቃው ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህን ልዩነት የሚያጸድቅ ምክንያት አላየሁም።

መዝገብን አሠሪ እጅ ብቻ መተው ወዴት እንደሚያደርስ ጎረቤታችን ኬንያ አሳይታናለች። በእንግሊዞች ቅኝ አገዛዝ ሥር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ የሚባል ወረቀት፣ ብዙውን ጊዜ በብረት መያዣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንዲሄድ ተገደደ። በወረቀቱ ላይ አሻራው፣ ደመወዙና የአሠሪው ስም ነበረ፤ አሠሪው «ለቋል» ብሎ ካልፈረመበት ሠራተኛው ሌላ ቦታ ሊቀጠር አይችልም። እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ቆየ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። የለቀቀ ሠራተኛ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ወረቀት ለማግኘት ወራት ሲመላለስ፣ ኦሪጅናል ዲፕሎማው ወይም መታወቂያው በዋስትና ስም አሠሪ ዘንድ ታግቶ ሲቀር ግን የኪፓንዴ መንፈስ ያለ ሕግም ይሠራል ማለት ነው። ሕጋችን አሠሪው ለሚለቅ ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዛልና፣ መከልከሉ ጥፋት ነው። ባሌና አርሲ ደግሞ በዚህ ላይ የመረረ ትምህርት አላቸው፤ ወደ ዓረብ አገራት ለቤት ሥራ የሄዱት ብዙ ልጆቻቸው ፓስፖርታቸው ገና እንደ ደረሱ በአሠሪ ካዝና የተቆለፈባቸው ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ ሠራተኛዋ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዷን በራሷ እጅ የመያዝ መብት እንዳላት መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በውጭ ስናየው የምንጮህበትን ነገር አገር ቤት በመሳቢያ ሲደረግ ልንታገሠው አይገባም።

የቁጥር ነገር ከወረቀት ይለያል፤ ቁጥርን ለመውሰድ ካርዱን መቀማት አያስፈልግም፣ መገልበጥ ይበቃል። ከአሜሪካ የመጣ አንድ የታወቀ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እዚያ መሰጠት የጀመረው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በ1938 በኒውዮርክ ግዛት ሎክፖርት ከተማ ያለ የኪስ ቦርሳ ፋብሪካ፣ ካርዱ በቦርሳው እንዴት እንደሚቀመጥ ለማሳየት ናሙና ካርድ አሳተመ፤ የፋብሪካው ኃላፊ ለናሙናው የተጠቀመው ግን የገዛ ጸሐፊውን እውነተኛ ቁጥር ነበር። ቦርሳው በመላ አገሪቱ ተሸጠ፤ ገዢዎችም ቁጥሩን የራሳቸው መስሏቸው ተጠቀሙበት። በ1943 ብቻ 5,755 ሰዎች ይሠሩበት ነበር፤ በዓመታት ሂደት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች የእኔ ነው ብለውታል። ጸሐፊዋ አዲስ ቁጥር ተሰጣት። ኃላፊው ክፋት አልነበረውም፤ ቁጥሩ እጁ ላይ ስላለ ብቻ የእርሱ መሰለው። እኔን የሚያስጨንቀኝም ከተንኮለኛው አሠሪ ይልቅ ይህኛው ነው፤ የሠራተኞቹን ቲን ቁጥር የያዘውን ፔሮል በቴሌግራም ለሒሳብ ባለሙያ የሚልከው፣ ሰነዱን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚሄደው፣ ምንም ክፉ ሐሳብ የሌለው ሰው።

በእኛ አገር መስመሩ መታጠፍ የጀመረው በቅርቡ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር በሕግ አቆመ፤ ምዝገባው ስምን፣ የትውልድ ቀንን፣ ፆታን፣ አድራሻን፣ የፊት ምስልን፣ አሻራንና የዓይን ብሌንን ይወስዳል፤ ብሔርን አይጠይቅም። ሰውዬው ማን እንደሆነ ለማረጋገጥም ፈቃዱን መሠረት ያደርጋል። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ ለተወሰነ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን፣ ለሚያስፈልግ ጊዜ ብቻና በጥንቃቄ ሊይዝ ይገባዋል፤ ባለቤቱም የማየትና የማሳረም መብት አለው። አሠሪም ከዚህ ውጭ አይደለም። በ1999 ለመንግሥት ጸሐፊ የተሰጠው መብት በመርህ ደረጃ ለዱቄት ፋብሪካው ጸሐፊ የደረሰው እንግዲህ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብት ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን የአንቀጹ ቃል ወደ ፔሮል ክላሰሩ እንዲወርድ ይህን ያህል ጊዜ ፈጀ።

ይህን ክርክር የሚቃወም ሰው በመጀመሪያ የሚያነሣው የትንሽ ከተማን ኑሮ ነው። በገሰራ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ስንት እንደሚከፈልህ፣ ማን ዋስ እንደሆነህ ይታወቃል፤ ታዲያ ቁጥርን መደበቅ ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው ስለ ማኅበረሰቡ እውነት ይናገራል፣ ስለ ቁጥሩ ግን ይሳሳታል። ጎረቤት የሚያውቀው ሰውየውን ነው፤ ሰውየውን እያወቀ በስሙ ቢያታልል ነገ በእድር ይገናኛሉ። ቁጥር ግን ሰውየውን ከማያውቅ ባንክ፣ ከማያውቅ መሥሪያ ቤትና ከማያውቅ ሥርዓት ጋር የሚነጋገር ነገር ነው፤ በእርሱ የሚሠራው ስሕተት አዲስ አበባ ላይ ይፈጸምና የሚሰማው ገሰራ ላይ ነው። አንድ ሠራተኛ በማያውቀው ድርጅት ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ ሊመዘገብ፣ ግብር ያልከፈለ መስሎ ሊታይ፣ ስልክ ወይም ሒሳብ በስሙ ሊከፈት ይችላል፤ ይህን ሽማግሌ አስቀምጦ ማስታረቅ አይቻልም። ከዚህም በላይ ሠራተኛው ጉዳዩን ለማስተካከል የሚሄደው ሮቤ ወይም አዲስ አበባ ነው፤ የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውንና የሥራ ቀኑን የሚከፍለው እርሱ ራሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለ አቅም ነው። አምስት ሰው የሚቀጥር ወፍጮ ቤት የሰው ኃይል ክፍል የለውም፤ በኪራይ የሚሠራ የኮምባይነር ባለቤት ከማሳ ማሳ ሲዞር መዝገብ የት ያስቀምጥ? ሕጉን ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ መተው አይሻልም? አይሻልም፤ ምክንያቱም እዚህ የሚጠየቀው በአብዛኛው መተው ነው፣ መተው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የማያስፈልግ ኮፒ አለማንሣት፣ ኦሪጅናል አለመያዝ፣ ፔሮልን በቁልፍ ማስቀመጥና ለማይመለከተው አለማሳየት፣ በምዝገባ ቀን የተጻፈውን ስም፣ ዕድሜና ቁጥር ለሠራተኛው በሚያውቀው ቋንቋ አንብቦ ማሰማት፣ የተላከውን የግብርና የጡረታ ዝርዝር ሲጠይቅ ማሳየት፣ ሲለቅ ወረቀቱን በጊዜው መስጠት ከአንድ ክላሰርና ከአንድ ቁልፍ በላይ ወጪ የላቸውም። ማንበብ ለማይችለው ሠራተኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ የተያዥነት ሥርዓት የነበረውንና መዝገብ ያጠፋውን ያንን በጎ ጠባይ መልሶ ያመጣል። ትንሹ አሠሪ የሚቸገርበት ነገር መኖሩን አልክድም፤ ግብሩንና ጡረታውን በኦንላይን ለማስገባት ሌላ ሰው ይቀጥራል፣ ቁጥሮቹም ወደዚያ ሰው ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ አሠሪው ኃላፊነቱ ወደ ሒሳብ ሠራተኛው እንደማይሻገር፣ አደራውን የተቀበለው መጀመሪያ እርሱ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ወደ ድርጅት ሲገቡ የደመወዝ መዝገቡን ያያሉ፤ የቁጥሮቹን አያያዝ አብረው ቢያዩ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሠራተኛው ወገን ይመጣል። የመኸር ጉልበተኛው ውል የለውም፤ በቀን ይከፈለዋል፣ ይሄዳል። የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለግል አገልግሎት የተቀጠረች ብሎ ከሽፋኑ ውጭ አድርጓታል። ለእነርሱ ቁጥር ሲመጣ የሚመጣው ግብር ብቻ ነው፤ ባይያዝ ይሻላቸዋል ይባላል። ይህን አባባል በንቀት መመለስ ተገቢ አይደለም፤ ባሌ ውስጥ መዝገብ ማለት ለብዙ ትውልድ ግብር ብቻ ነበርና። ነገር ግን ያልተመዘገበ ሰው ምን እንደሚያጣ ማስላት ይቻላል። በጡረታ ሕጋችን ሰው በ60 ዓመቱ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን አለበት። ለሦስት አሠሪ ሦስት ሦስት ዓመት ተኩል የሠራ የኮምባይነር ኦፕሬተር፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ካስመዘገቡት አሥር ዓመት ተኩል አለው፤ አንዱ ቁጥሩን በአንድ አሃዝ ከሳተ ሰባት ዓመት ብቻ ይታይለታል፤ ያም ማለት አበል የለውም። ገንዘቡ ከደመወዙ ተቀንሷል፣ ገቢ ሆኗል፣ ባለቤቱ ግን ጠፍቷል። ከቤት ሠራተኛዋም ብንነሣ፣ ከአዋጁ ሽፋን ውጭ መሆኗ መታወቂያዋ ሊታገትባት ይችላል ማለት አይደለም፤ የዳታ ጥበቃው አዋጅ በሥራ ዓይነት ሰው አይለይምና ቁጥሯ እንደማንኛውም ሰው ቁጥር የእርሷ ነው።

ወደ ኋላ የቀረ ሥራም አለ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሮቤና በሲናና የመንግሥት እርሻዎች የተቀጠሩት ሰዎች የመጨረሻዎቹ አሁን ወደ ስድሳ እየተጠጉ ነው፤ በ1982 በሃያ ዓመቱ የገባ ሰው ጡረታ የሚወጣው በ2022 ነው። ከ1983 በኋላ እርሻዎቹ ተከፋፍለዋል፤ መሬታቸው ወደ ገበሬው፣ ወደ ሌላ ድርጅትና ወደ ባለሀብት ሄዷል፤ መዝገባቸው ግን እንደ መሬቱ በጥንቃቄ አልተከፋፈለም። የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ቅጥር ፎርም፣ የተገመተው ዕድሜያቸውና በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ስማቸው በፋይዳ ላይ ካለው የቁቤ ስማቸው ጋር ሊናበብ የሚችለው ሠራተኞቹም፣ በጊዜው መዝገቡን የጻፉት ጸሐፊዎችም በሕይወት ሳሉ ነው። የእርሻዎቹን ንብረት የወረሱ ድርጅቶች ማኅደሮቹንም የወረሱ መሆናቸውን አውቀው፣ ከዞኑ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎችና ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተቀምጠው፣ ክላሰሮቹን ከመጋዘን አውጥተው ስም በስም፣ ሰው በሰው ሊያገናኙ ይገባል። ይህም በጡረታ ማመልከቻ ቀን ሳይሆን ዛሬ መጀመር አለበት።